ባልና ሚስቱ ሠዓሊዎች፦ «ሚስትየዋ ሥራዋን ለምን ተወች?» ለሚሉኝ ተመልካቾች ምን ልመልስ?

የአዳራሽ ጠባቂ (ኒው ዮርክ)

ጤና ይስጥልኝ። የምተዳደረው ኒው ዮርክ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሥዕል ጋለሪ በጥበቃ ሥራ ነው። ተመልካች ሸራ እንዳይነካ፣ የጀርባ ቦርሳ ግድግዳ እንዳይታከክ፣ ሕፃናት እንዳይሮጡ ቆሜ እጠብቃለሁ። በአሁኑ ጊዜ የተሰቀሉት የጃፓናውያኑ ባልና ሚስት የካዙኦ ሺራጋና የፉጂኮ ሺራጋ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱም የሠሩት ረቂቅ ሥዕል ነው፤ ሰው፣ ቤት ወይም ዛፍ የሚባል ነገር የለበትም። የሥዕል ትምህርት አልተማርኩም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ አብሬያቸው ስለምውል እነዚህን ሥዕሎች በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ እወዳቸዋለሁም። ጥያቄዬን ከማቅረቤ በፊት አዳራሹን ላሳያችሁ።

የባልየው ሥዕሎች ትልልቅ ናቸው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጡም አሉ። ካዙኦ እነዚህን በብሩሽ አልሣላቸውም። ሸራውን ወለል ላይ ያነጥፋል፤ የዘይት ቀለሙን ክምር ክምር አድርጎ ያስቀምጥበታል፤ ከዚያም ከጣሪያ የተንጠለጠለ ገመድ ጨብጦ በባዶ እግሩ እየተንሸራተተ ቀለሙን ይገፋዋል፣ ይረግጠዋል፣ ያሽከረክረዋል። አብዛኛው ደማቅ ቀይ ነው፤ ጥቁርና ቢጫ ይገባበታል። በሩ አጠገብ ያለው ሥዕል ታችኛው ጥግ ላይ ተረከዙ ድንገት የቆመበት ቦታ አለ። ቀለሙ እስከዚያ ድረስ ተገፍቶ መጥቶ ተቆልሏል፤ ከጎን ሲታይ ከሸራው የጣት ውፍረት ያህል ከፍ ይላል። ከኋላው የእግሩ ጣቶች ያወጧቸው ቀጫጭን ቦዮች ይታያሉ። ቀለሙ እጅግ ወፍራም ስለነበረ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ውስጡ ዘግይቷል፤ ስለዚህ ወተት ላይ እንደሚሰፍፍ ስልባቦት ተጨማድዷል። ሰዎች ጣታቸውን ሊሰድዱ የሚቃጣቸው እዚያ ጥግ ላይ ነው።

የሚስትየዋ ሥራዎች በትይዩው ግድግዳ ላይ ናቸው። ነጭ ናቸው። ፉጂኮ የጃፓን ወረቀት ወስዳ ትደራርባለች፣ ትቀድዳለች፣ ታጨማድዳለች፣ በሙጫ ታጣብቃለች። ከሩቅ የሚመለከት ሰው ባዶ ሊለው ይችላል። እኔ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ። ማታ ልንዘጋ ስንል መብራቶቹ የሚጠፉት በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በመጀመሪያ የመሃሉ ረድፍ ይጠፋል፣ የዳሩ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። በዚያች ጊዜ ብርሃኑ ወረቀቱን ከጎን ስለሚያገኘው እያንዳንዱ ጭምዳጅ ጥላ ያወጣል። ቀን የማይታይ አንድ ረጅም ቅዳጅ ከላይ እስከ ታች ይገለጣል። ቅዳጁ ቀጥ ያለ አይደለም፤ በመሃል ያመነታል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይወርዳል። ቀን የመጣ ተመልካች ይህን አያይም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ተመልካቾች ይገቡና በቀጥታ ወደ ቀዩ ይሄዳሉ፤ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ነጩን በጨረፍታ ያልፉታል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን መግለጫ ያነባሉ። መግለጫው ፉጂኮ በ1961 የራሷን ሥራ አቁማ ባሏን ወደ ማገዝ እንደዞረች ይናገራል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ይህን ሲያነቡ ወደ እኔ ይመጣሉ። አንዷ ወጣት ተቆጥታ «ከልክሏት ነው?» አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ታዲያ ረዳቱ ነበረች ማለት ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት። ባለፈው ሳምንት አንዲት አገሬ ልጅ፣ ነርስ ናት፣ ከሥራ ስትወጣ ገብታ መግለጫውን አንብባ ለረጅም ጊዜ ቆመች። «እኔም እሱ ትምህርቱን እስኪጨርስ ብዬ ነበር ያቆምኩት» አለችኝ። ምንም ልመልስላት አልቻልኩም።

ትክክል ያልሆነ ነገር መናገር አልፈልግም። ሰውየውን በሌለበት መወንጀልም፣ የሴትየዋን ሥራ «ለፍቅር ስትል ተወችው» በሚል ጣፋጭ ቃል ማለፍም ይከብደኛል። ሥዕል የምታውቁ፣ ጃፓን ያላችሁ፣ ምን ብል ይሻላል? እነዚያን ነጭ ወረቀቶችስ ሰው ቆም ብሎ እንዲያያቸው ምን ላድርግ?

—

ሸራና ቀለም (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ሠዓሊ ነኝ፤ ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ። ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው መልስ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ተመልካቾችሽን ከነጩ አስጀምሪያቸው። ቀይ ካየ ዓይን ነጭ ሲቀርብለት ምንም የለም ብሎ ነው የሚያልፈው። ከነጩ የጀመረ ዓይን ግን ገር ይሆናል፣ ጥቃቅን ነገር መለየት ይጀምራል። ደግሞም ፊት ለፊት አታቁሚያቸው። በግድግዳው ዳር ቆመው ወረቀቱን ከጎን ይዩት፣ ከዚያ ቀስ ብለው በትይዩው ይራመዱ። አንቺ ማታ በመብራቱ ያየሽውን እነርሱ በእግራቸው ያገኙታል።

አሁን ስለ ሥራው። ሁለቱም ጉታይ የተባለው ቡድን አባላት ነበሩ። ጉታይን በ1954 አሺያ በምትባለው ከተማ የመሠረተው ሠዓሊው ጂሮ ዮሺሃራ ነው። በ1956 መጨረሻ ባወጣው የቡድኑ መግለጫ ላይ የጻፈው ዋና ሐሳብ ቁስ ራሱ እንዲናገር መተው ነው፤ ቀለምን ሌላ ነገር እንዲመስል አታስገድደው፣ ቀለምነቱ ይታይ ይላል። ይህን ይዘሽ ሁለቱን ግድግዳዎች ስታዪ ባልና ሚስቱ አንድ ጥያቄ ነው የያዙት። እሱ «ሰውነቴ ቀለም ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?» ይላል። እሷ «ወረቀት ሲቀደድ ምን ይሆናል?» ትላለች።

ካዙኦ ኪዮቶ ውስጥ የተማረው ባህላዊውን የጃፓን ሥዕል ነው፤ በወረቀትና በሐር ላይ፣ የማዕድን ቀለም በሙጫ በጥብጦ፣ በቀጭን ብሩሽ የሚሠራውን። በ1948 ተመርቆ በዚያው ዓመት ፉጂኮን አገባ። ከዚያ ያን ሁሉ ጥሎ ወደ ዘይት ቀለምና ወደ እግሩ ሄደ። ለምን እግር? የተማረ እጅ የተማረውን ይደግማል፤ ብትፈልጊም ባትፈልጊም መስመሩን ያሳምረዋል። እግር ግን ትምህርት ቤት አልገባም። ይህን ለተማሪዎቼ በቃል ከማስረዳት አንድ ጊዜ በእግራቸው እንዲሞክሩት ማድረግ ይቀላል፤ ሞክረውት ሲስቁ የቆዩ ልጆች ትንሽ ቆይተው ዝም ይላሉ፣ ምክንያቱም ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ሲታገሉ ማሳመሩን ረስተውታል።

እሱ የጣለውን ወረቀት ፉጂኮ አንሥታ ሥዕል የሚያርፍበት ገጽ መሆኑን አስቀረችው፤ ወረቀቱን ራሱን ሥዕል አደረገችው። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ግን በዓይን ይታያል። መቅደድ ደግሞ የማይመለስ ነገር ነው። የዘይት ቀለም ቢበላሽ ትጠርጊዋለሽ፣ ትደርቢበታለሽ። የተቀደደ ወረቀት ግን እንደተቀደደ ይቀራል። ያ የምትነግሪን ያመነታ ቅዳጅ ላይ ሴትየዋ ምን ያህል ድፍረት እንደነበራት አስቢ። በእግር ቀለም ከመርገጥ አያንስም።

እኔ ረቂቅ ሥዕልን የለመድኩት በገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥራዎች ፊት ቆሜ ነው። የዚያን ጊዜም አጠገቤ ያለው ሰው ሁሉ «ምንድን ነው?» ይል ነበር። የረዳኝ «ምን ያደርጋል?» ብዬ መጠየቄ ነው። ለተመልካቾችሽ ይህን ጥያቄ ስጫቸው።

—

ወለተ (ዋሽንግተን)

ጋሼ ስለ ወረቀቱ የጻፉትን በደስታ አንብቤዋለሁ። ግን ስለ 1961 ማለዘብ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ፉጂኮ የተወለደችው በ1928 ነው። ስታቆም ገና ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሠራች ሴት አርባና ሃምሳ ዓመት ሲሞላት ምን ትሠራ ነበር? ያን ማንም አያየውም። ያጣነው እኛ ነን፤ ባሏ ጥሩ ሰው ሆነ አልሆነ ይህን አይለውጠውም።

ስለዚህ የአዳራሽ ጠባቂ፣ ሰው ሲጠይቅሽ «ጉዳት ነው» በይ። ማን እንዳደረሰው መናገር አይጠበቅብሽም። ለዚያች ነርስ እህታችንም ብትመለስ ይህን ብትነግሪያት የሚያጽናናት ይመስለኛል። የተወችው ነገር ዋጋ እንደነበረው የሚነግራት ሰው አግኝታ ላታውቅ ትችላለች።

—

ከካንሳይ (ኮቤ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው በጃፓን ካንሳይ አካባቢ ባለችው ኮቤ ከተማ ነው፤ አሺያም አማጋሳኪም በባቡር ቅርብ ናቸው። ካዙኦ የአማጋሳኪ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ የኪሞኖ ጨርቅ ነጋዴዎች ነበሩ። ለጥያቄው የሚረዱ ጥቂት ነገሮች ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ሐምሌ 1955ን እወቁ። የጉታይ ሰዎች አሺያ ወንዝ ዳር ባለው የጥድ ጫካ ውስጥ፣ በበጋው ፀሐይ፣ ሥራዎቻቸውን ሜዳ ላይ አሳዩ። ባልና ሚስቱ ሁለቱም የመረጡት እንጨት ነበር። ካዙኦ ረጃጅም ግንዶችን ቀይ ቀብቶ እንደ ጎጆ አቆማቸው፤ ከዚያ መሃላቸው ገብቶ በመጥረቢያ ከውስጥ ይቆራርጣቸው ጀመር። ፉጂኮ ደግሞ እጅግ ረጅም የሆነ ነጭ ጣውላ መሬት ላይ አኖረች፤ በርዝመቱ የሚሄድ አንድ ስንጥቅ አበጀችበት። ቀይና ነጭ፣ መጥረቢያና አንድ ነጠላ መስመር፣ በአንድ ጫካ፣ በአንድ ወር። በዚያን ጊዜ ማን የማን ረዳት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም ነበር። የአዳራሽ ጠባቂ የነገረችን ቅዳጅም ከዚያ ስንጥቅ ጋር የተዛመደ ነው፤ ሴትየዋ አንድ ሐሳብ ከእንጨት ወደ ወረቀት ይዛ ሄዳለች።

ሁለተኛ፣ የጊዜውን ቅደም ተከተል ተመልከቱ። በ1957 ሚሼል ታፒዬ የተባለው ፈረንሳዊ የሥነ ጥበብ ሐያሲ ጃፓን መጥቶ ጉታይን አየ። በሥዕሎቹ ተማረከና ለአውሮፓ ያስተዋውቃቸው ጀመር። ሸራ ደግሞ ተጠቅልሎ ይላካል፣ ይሸጣል፤ የጥድ ጫካ ውስጥ ያለ ጣውላ አይላክም። ካዙኦ በ1962 ፓሪስ ውስጥ ብቻውን ዐውደ ርእይ አቀረበ። የፉጂኮ ማቆም የመጣው በእነዚህ ዓመታት መካከል ነው። ከዚህ ተነሥቼ ምክንያቱ ገበያው ነው አልልም። ነገር ግን እንደዚያ ዓይነት ሥዕል ለብቻ የሚሠራ አይደለም። ገመዱ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ቀለም አያፈስም። ቀለሙን የምታዘጋጀውና ሸራው ላይ የምታፈሰው ፉጂኮ ነበረች፤ አስተያየቷንም ይሰማ ነበር። ስለዚህ «ረዳት» የሚለው ቃል ብሩሽ አቀባይን የሚያሳስብ ከሆነ አይበቃም። ከ1961 ወዲህ በተሠሩት ቀይ ሥዕሎች ላይ ቀለሙ የት እንደወደቀ የእሷም እጅ አለበት።

ወለተ፣ ያልሽው ጉዳት እውነት ነው፤ አልከራከርም። ግን «ሁሌም ሴቷ ናት የምትተወው» እንዳይባል አንድ ሌላ ጥንድ ልጥቀስ፤ እነርሱም የጉታይ አባላት ነበሩ። አትሱኮ ታናካ በ1956 በቀለም በተነከሩ የኤሌክትሪክ አምፖሎችና ሽቦዎች የተሠራ ልብስ ለብሳ በቡድኑ ዐውደ ርእይ ላይ ታይታለች። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ የሣለቻቸው ክብና መስመር የበዛባቸው ሥዕሎች ከዚያ ልብስ የመጡ ናቸው፤ ክቦቹ አምፖሎቹ፣ መስመሮቹ ሽቦዎቹ። አኪራ ካናያማ ደግሞ በ1957 ገደማ ከርቀት በሚመራ የመጫወቻ መኪና ቀለም እያፈሰሰ ይሥል ነበር። በ1965 ተጋቡና በዚያው ዓመት ሁለቱም ከቡድኑ ወጡ። በዚያ ቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሌላውን ሥራ የደገፈው ባልየው ነው። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ በብዛት የምታገኙት የእሷን ነው። ስለዚህ ሁለት ሠዓሊ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖር የጊዜውና የገንዘቡ ጉዳይ ራሱ ከባድ ነው፤ በዚያ ላይ የዘመኑ ልማድ በሴቷ ላይ ይጫናል። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰዎች ስለ ሥዕሎቹ አስቸጋሪ ስሞች ይጠይቁሽ ይሆናል። ካዙኦ ከ1959 ጀምሮ ለብዙ ሥዕሎቹ የሰጠው ስም በአንድ ጥንታዊ የቻይና ልብ ወለድ ውስጥ የሚገኙት 108 ሽፍታ ጀግኖች ስም ነው። ልጅ ሆኖ ይወደው የነበረ ታሪክ ነው። ሥዕሉ ግን የጀግናው ምስል አይደለም፤ ፊት ወይም ጎራዴ እንዳይፈልጉ ንገሪያቸው። በ1971 ደግሞ በሂዬ ተራራ ላይ በሚገኘው ኤንርያኩጂ ገዳም ቴንዳይ የሚባለው የቡድሂዝም ክፍል መነኩሴ ሆነ። በዚህ ሃይማኖት መነኩሴ ትዳሩን አይፈታም፤ ስለዚህ ከፉጂኮ ጋር ኖረዋል፣ ሥዕሉንም አላቆመም። እሱ በ2008፣ እሷ በ2015 አርፈዋል።

—

የአዳራሽ ጠባቂ (ኒው ዮርክ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ በግድግዳው ዳር ማቆሙን ዛሬ ሞከርኩት። አንድ አባት ትንሽ ሴት ልጁን ይዞ ገባ፤ ልጅቷን ከጥግ ሆና ወረቀቱን እንድታይ ነገርኳት። ዓይኗን ወደ ግድግዳው አስጠግታ «መንገድ አለው!» ብላ ጮኸች፤ አባትየውም ተንበርክኮ በእሷ ቁመት አየው። ወደ ቀዩ ሲሄዱ ልጅቷ በራሷ ከጎን ሆና ማየት ቀጠለች፤ የቀለሙን ቁልል ለአባቷ ያሳየችው እሷ ናት።

ለሚጠይቁኝ የምመልሰውን አሁን አውቄዋለሁ። በመጀመሪያ ስለ ጥድ ጫካው እናገራለሁ፣ ስለ ቀዩ ግንድና ስለ ነጩ ጣውላ። አንድ ላይ እንደጀመሩ ሰው ይወቅ። ከዚያ ወለተ እንዳለችው 1961 ጉዳት መሆኑን ሳልሸፍን እናገራለሁ። ከዚያ ከካንሳይ የጻፍክልኝን ይዤ ወደ ቀዮቹ ሥዕሎች እወስዳቸዋለሁና ከዚያ ዓመት በኋላ የተሠሩትን አሳያቸዋለሁ፤ ይህ ቀለም እዚህ ሲፈስ ፉጂኮ ቆማ ነበር እላለሁ። «ከልክሏት ነው?» ለሚለው ግን የማላየውን ቤት ውስጥ ገብቼ አልፈርድም።

አንድ ነገር ደግሞ አድርጌአለሁ። ለጋለሪው ኃላፊ በጽሑፍ ሁለት ነገር ጠየቅሁ፤ ከ1961 በኋላ በተሠሩት ሥዕሎች መግለጫ ላይ የፉጂኮ ሥራ እንዲጠቀስ፣ በነጩ ግድግዳ ላይም የዳሩ መብራት ጠንከር እንዲል። የመብራቱን ነገር የሚመለከተው ባለሙያ ነገ ጠዋት ይመጣል ብለውኛል። ስለ መግለጫው ገና መልስ አልሰጡኝም፤ እንደገና እጠይቃለሁ። ነርሷ እህታችን ሥራ ቦታዋ ቅርብ ስለሆነ ትመለሳለች ብዬ እጠብቃለሁ።

ከካንሳይ፣ አንድ ቀን እግዚአብሔር ፈቅዶ ጃፓን ብመጣ እነዚህን ሥራዎች የት አገኛቸዋለሁ?

—

ከካንሳይ (ኮቤ)

አማጋሳኪ የባህል ማዕከል ውስጥ በ2013 የተከፈተ የካዙኦ ሺራጋ መታሰቢያ ክፍል አለ። ኮቤ የሚገኘው የሂዮጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ብዙ የጉታይ ሥራዎች አሉት፤ የአሺያ ከተማ ሙዚየምም እንዲሁ። የሚታየው በየወቅቱ ስለሚቀያየር ከመምጣትሽ በፊት ጠይቂ፤ በተለይ የፉጂኮ ወረቀቶች ብርሃን ስለሚጎዳቸው ሁልጊዜ አይሰቀሉም። የአሺያው የጥድ ጫካ ግን ዛሬም አለ፤ የሕዝብ መናፈሻ ስለሆነ መግቢያ አይከፈልበትም። ከመጣሽ በባቡር ጣቢያው እጠብቅሻለሁ።